በአሮጌ አምባ ያነሣነው ድንጋይ

ላሊበላ፣ ኅዳር 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለምወድሽ እታለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ከብቱስ እንዴት ናቸው? የኮን አገር ብርድ ጉልበትሽን እንዳይጎዳው እሰጋለሁ። እኔ በጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ይህን ደብዳቤ ለማንም ሳታስነብቢ፣ ቀስ እያልሽም ቢሆን ራስሽ አንብቢው።

ከቤታችን በላይ ያለው አሮጌ አምባ ዛሬ ፈረንጅ የሚጎበኘው ቦታ ሆኗል። ያደረግሁት እኔ ነኝ። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን አስጎብኚ ሁሉ ያሳያል፤ እኔ የራሴ የምለው ነገር አማረኝና፣ ከክርስትና በፊት የጥንት ሰዎች ለዝናብ ይሠዉበት ነበር የሚባለውን የድንጋይ ክብ ማሳየት ጀመርኩ። ትልልቆቹ ድንጋዮች እውነትም የጥንት ናቸው። ትንንሾቹ የምን እንደሆኑ ግን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ክርስትና ሳይነሡ የሞቱ ሕፃናት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስለማይቀበሩ፣ የሰፈራችን እናቶች እዚያ ያሳርፏቸዋል። ይህን ለባዕድ መናገር አሳፈረኝ። ትልቁንም ትንሹንም የጥንት መሠዊያ ነው እያልኩ ሁለት ዓመት ዋሸሁ። አፌም ለመደው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የታሪክ ተመራማሪ ይዤ ወጣሁ። ጨዋ ሴት ናት፤ ሳታስፈቅድ ምንም አትነካም። ከትንንሾቹ ድንጋዮች አንዱን አንሥታ ሥሩን ማየት ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እጇ ያረፈበትን ሳይ ክው አልኩ። ጥጉ የተሸረፈው ቀዩ ድንጋይ ነበር፤ ያን ጊዜ ከወንዝ ተሸክሜ ያመጣሁልሽ። አይሆንም ማለት አንድ ቃል ነው፣ እታለሜ። አይሆንም ካልኩ ግን ለምን ልትለኝ ነው፤ ውሸቴም ሊገለጥ ነው። ይቻላል አልኳት። ድንጋዩንም ያነሣሁላት እኔው ነኝ።

አፈሩን ክረምቱ አጥቦታል። የነጠላሽ ጥለት ታየ፣ አረንጓዴው። ሌላ ምንም አልታየም፣ እመኚኝ። ሴትዮዋ ጥለቱን አየች፣ እኔን አየች። ባርኔጣዋን አውልቃ ተንበረከከችና በእጇ አፈር መለሰችበት። ባዕዷ ተንበርክካ እኔ የልጅሽ አጎት ቆሜ ነበር። ድንጋዩን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ወደዚያ እንግዳ ይዤ አልወጣም።

በማግሥቱ አባ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ሄድኩ። ልጅቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ማፍለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የማን ልጅ እንደሆነች ሲጠይቁኝ ያንቺ መሆኗንና ታማ በስድሳ አንድ ቀኗ እንደሞተች ነገርኳቸው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ነው አልኩ፣ እሳቸው የማያውቁት ይመስል። ቀና ብለው አዩኝ።

‹‹ለታመመ ልጅ ማን ቀን ይቆጥራል? ምነው ያኔ ሳትጠሩኝ ቀራችሁ?›› አሉኝ።

 እጃቸውን ሳልስም ወጣሁ።

እታለሜ፣ አንቺ ‹ቀኗ አልሞላም ብለው ከለከሉኝ› ብለሽ ሰባት ዓመት ሙሉ መስቀላቸውን አልተሳለምሽም። አገሩንም የተውሽው በዚሁ ነው። ያን ቃል ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ። ገና አስጎብኚነት የጀመርኩ ሰሞን ነበር፤ የዚያን ዕለት ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄዱ እንግዶች ነበሩኝና አባ ዘንድ አልሄድኩም።

እመቤታችን ልጆችሽን ታሳድግልሽ፣ ደጃችሁን ከክፉ ትጠብቅላችሁ። ለጥምቀት ስትመጪ አባን ሄደሽ ተሳለሚ፤ እሳቸው ምንም አልበደሉሽም። እኔን በርሽን ብትዘጊብኝ አልቀየምም።

ብትፈቅጂልኝ ወንድምሽ