ለሊያ የሚሆን ዘንግ

ማክሰኞ፣ ማርች 6 ቀን 2007። ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም ሄድኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራተኛዬ ነው። ከፈረቃ እንደወጣሁ፣ የሹፌር ልብሴን እንኳ ሳልቀይር፣ ቀጥታ ሶደርማልም ወዳለው የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ። ባለሱቁ ቤንግት ገና በሩ ላይ ሲያየኝ ፈገግ አለ። ምስኪን ሳይለኝ አይቀርም። ዘንጎቹን አንድ በአንድ አውርጄ ጎበጥ አድርጌ ሞከርኩ፣ ክር የሚጠቀለልባቸውን ማጠንጠኛዎች አሽከረከርኩ፣ ምንም ሳልገዛ ወጣሁ።

ደብተሬ፣ ነገሩን ላንተም በቅጡ አልነገርኩህም። ሊያ፣ ልጄ፣ ከዐሥራ አራት ወር ዝምታ በኋላ መልእክት ላከችልኝ። በስዊድንኛ፣ ሦስት መስመር። እሷና ማግኑስ፣ አብሯት የሚኖረው ሰው፣ ቱና ለማጥመድ ካናሪ ደሴቶች ይሄዳሉ። ጀልባው የጋራ ነው፤ የማይተዋወቅ ዐሥር ሰው እየተሳፈረ ባሕር መሃል ድረስ የሚወጣበት። አንድ ቦታ አለ፣ ከፈለግህ ና ትላለች። የጀልባው ዕቃ አሮጌ ነው አሉ፤ አንተ ስለምታውቅ ለእኔ ዘንግና ማጠንጠኛ ምረጥልኝ።

አንተ ስለምታውቅ! እኔ የማውቀው የሐዋሳ ሐይቅን ቆሮሶ ዓሣ ነው፣ በሸምበቆና በሲባጎ። እዚህም መሃል ከተማ ድልድዩ አጠገብ ቆሜ ትንንሽ ዓሣ አውጥቻለሁ። ቱና የማውቀው በቆርቆሮ ነው። ግን አላውቅም ብዬ እንዴት ልመልስላት? ይቺም ዕድል ካመለጠችኝ ሌላ አላገኝም። ማርች 31 እንበራለን።

ሐሙስ፣ ማርች 8

ገዛሁ። ቀጭን ረጅም ዘንግ፣ ሲይዙት የማይከብድ። ማጠንጠኛውም ትንሽዬ። የሊያ ክንድ ቀጭን ነው። ሲደክማት እኔ እቀበላታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ባለቤቴ ሙሉ አገላብጣ አየችውና ይኼን የገዛኸው ለስንት ዓመት ልጅ ነው አለችኝ። ሊያ ሃያ አራት ሞልቷታል። 

ሰይድም መጣ። ታች ፎቅ የሚኖረው ወሎዬ፣ ከእኔ ጋር አውቶቡስ የሚነዳው። ዘንጉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ጥርስ ሊጎረጎርበት ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ሰውየው በሕይወቱ አንድ ዓሣ አጥምዶ አያውቅም። ቢሆንም ከነከነኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 10

መለስኩት። ቤንግት ተቀበለኝና ወንበር ሰጥቶ እንደ ተማሪ አስተማረኝ። ፒርክ የሚሉት ዓሣ የሚመስል ከባድ ብረት ነው፤ ቁልቁል ሰማንያ፣ መቶ ሜ. ይለቁትና ላይ ታች እየናጡ ይስቡታል። በጋራ ጀልባ ላይ ሰው ክርን ለክርን ተነካክቶ ነው የሚቆመው፤ ረጅም ዘንግ የሰው ዓይን ያጠፋል። አጭርና ደንዳና ይሁን አለ። ደግሞ ዕቃው ደካማ ከሆነ ዓሣው እንደፈለገ ይሮጣል፤ በጀልባው ሥር ዞሮ የሁሉንም ክር ይተበትበዋል። ዘጠኙ ሰው ክሩን ሰብስቦ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ ካፒቴኑ ቢላዋ ይዞ ይመጣል።

ላብ አጠመቀኝ። ያ ሁሉ የማላውቀው ሰው በእኔ ልጅ የተነሣ ቆሞ ሲያፏጭ ታየኝ። ማግኑስም ከመሃላቸው። ይሉኝታዬን ታውቀዋለህ፤ በአውቶቡሴ አንድ ደቂቃ ሳረፍድ እንኳ ጆሮዬ ይግላል። ጠንካራውን አምጣ አልኩት።

አመጣ። አንድ ሜ. ከሰባ የሆነ ዘንግ፣ ወፍራም። ትልቅ ማጠንጠኛ፣ ሦስት መቶ ሜ. የተገመደ ክር የሚይዝ፣ ዓሣው ክሩን ሲጎትት ፍሬኑ እንደ እኔ አውቶቡስ ቀስ ብሎ የሚይዝ። ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይነጥቅ። ፍሬን ላይ አልታማም፤ እሱን ወድጄዋለሁ።

ከዚያ ጠየቀኝ። የዚህ ዓይነቱ ማጠንጠኛ እጀታው ተፈትቶ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይገጠማል፤ ልጅህ ጠንካራ እጇ የትኛው ነው? ቀኝ አልኩት፣ ሳላስብ። ክሩ ጫፍ ላይ የሚቀጠለውን ወፍራም ናይለንም ልቋጥርልህ አለ። ተቆጣሁ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሐዋሳ ላይ ስቋጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቋጠሮ ሰው አያስተምረኝም አልኩት። ሳቀና ተወኝ።

የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ቱነልባናው፣ ጉልማርስፕላን ጣቢያ ሲደርስ ትዝ አለኝ። ሊያ ግራኝ ናት። ሕፃን ሆና በግራ እጇ ስትጎርስ ነውር ነው እያልኩ እጇን መታ መታ አደርግ ነበር። እንዴት ይረሳል? የገዛ ልጄን እጅ። ሰፈሬ ሮግስቬድ እስክደርስ ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ። ቤት ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ እጀታውን ፈትቼ ወደ ቀኝ አዞርኩት፣ ዘንጉን በግራዋ እንድትይዝ።

ረቡዕ፣ ማርች 14

ሙከራ። ግቢያችን ውስጥ፣ በረዶው ገና ጥግ ጥጉን አለ። ሰይድ ክሩን ወገቡ ላይ አስሮ ቱና ሆነ። እኔ ዘንጉን ይዤ ፍሬኑን አጠበቅኩ። ሮጠ። ክሩ እየጮኸ ወጣ፣ ዘንጉ ጎበጠ፣ ሰይድ ብስክሌት ማቆሚያው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ቀጥ። የፍሬኑን ጉልበት በሻንጣ ሚዛን ለካነው፤ ስምንት ኪ.ግ.፤ ቤንግት ይበቃል ያለው ያንኑ ነው። አንዲት አሮጊት ከበረንዳ ሆነው ሰላም ነው ወይ ብለው ጠየቁን። ሰይድ በስዊድንኛ፣ እኔ ዓሣ ነኝ ብሎ መለሰላቸው። ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ከዚያ ቤት ገባሁና አንድ የድሮ ፎቶ አወጣሁ። ባላወጣው ይሻል ነበር። ሊያ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ድልድዩ አጠገብ ሳልሞን የያዘችበት ቀን። ፎቶው ላይ ዓሣውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ጥርሴ ሁሉ ይታያል። እሷ ዳር ላይ ቆማ መሬት ታያለች። ትዝ አለኝ፤ ዓሣው ሲጎትታት ዘንጉን ከእጇ ነጠቅኳት። ልትጥለው ነው ብዬ። ተወኝ እያለች ታለቅስ ነበር፤ እኔ የደስታ መስሎኝ። ከዚያ ወዲህ ዓሣ እናጥምድ ስላት ራሴን አመመኝ ትለኝ ጀመር።

እሑድ፣ ማርች 18። ጠዋት

ሊያ ደወለች። ሁለት ደቂቃ። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በስዊድንኛ። የዘንጉን ርዝመት ነገርኳት፣ የክሩን ውፍረት፣ የፍሬኑን ነገር፣ ሁሉን በአንድ ትንፋሽ። ጥሩ ነው ፓፓ አለች።  ልናገር የፈለግሁትን ሳልነግራት ስልኩን ዘጋን።

አልሄድም። ለሙሉ ይኼን አልኳት። ምን ፊት ይዤ? ማግኑስ፣ ዝምታው በጀመረበት በዚያ እሑድ፣ አበባ ይዞ በሬን ሲደውል አልከፈትኩለትም። ሽማግሌ ሳይልክ፣ አባትና እናቱን ሳያስቀድም፣ ብቻውን እንዴት ይመጣል ብዬ። የሰው አገር ሰው ከየት ያውቀዋል? ሊያ አጠገቤ ቆማ ክፈት ፓፓ ትለኛለች። እጄን እጀታው ላይ አድርጌ አልከፈትኩም። እሱ ሄደ፤ እሷም ኮቷን አንሥታ ተከተለችው። ያው እስካሁን።

ሙሉ የምትለው አንድ ነው፤ ወር ሙሉ ስለ ዘንግ ታወራለህ፣ ለልጅህ የምትለውን ግን አንድ ቀን ስትለማመድ አላየሁህም። ተቆጣሁ። እውነቷን ስለሆነ ነው የተቆጣሁት። ደብተሬ፣ ፈርቻለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ነው፣ ልጄ አንዲት ናት፣ ከዚህ ጉዞ ባዶዬን ከተመለስኩ ሌላ የምይዘው የለኝም።

ቅዳሜ፣ ማርች 31። ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ሆቴል

አልሄድም ብዬ ነበር፤ የሙሉ ቃል አላስቀምጥ አለኝና መጣሁ። አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያ በአንድ ክንዷ አቀፈችኝ። ከስታለች። ማግኑስ እጁን ዘረጋ፤ ጨበጥኩት፣ ሄይ አልኩት። የዘንጎቹን ቱቦ ተቀብሎኝ ተሸከመ። ገደል የሚወጣ ልጅ ነው፤ ገመድ ሥራው ነው። አውሮፕላን ውስጥ እነሱ ፊት፣ እኔ ኋላ።

አሁን ክሩንና ናይለኑን ቋጠርኩ። የሐዋሳ ቋጠሮ፣ በምራቅ አርሼ። ማግኑስ በር ላይ ቆሞ አየና ሌላ ዓይነት ቋጠሮ አውቃለሁ፣ ከፈለግህ ላሳይህ አለ፣ በጣም በትሕትና። ግድ የለም አልኩት። ፊቴን ሳልመልስ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 1። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት

 እንደ ምንም ልጻፈው።

ጠዋት ወጣን። ዐሥር ሰው፣ ክርን ለክርን። ሊያ መሃል፣ ማግኑስ በግራዋ፣ እኔ በቀኟ። ዘንጉን በግራ እጇ ያዘች፤ እጀታውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።  ያቺ እይታ ብቻ ብትሆን ይበቃኝ ነበር።

ሦስት ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ የሊያ ዘንግ ጎበጠ። ክሩ ጮኸ። ሌሎቹ ወዲያው ክራቸውን ሰበሰቡ፤ የጋራ ጀልባ ሕጉ ይኸው ነው። ፍሬኑ ያዘ፤ ደብተሬ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይነጥቅ ያዘ። ማንም አልተተበተበም። ዐሥር ደቂቃ። ሃያ። ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ እጆቼን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከትቻለሁ፤ ጥፍሬ መዳፌን ይበላዋል። ካፒቴኑ አየኝና አባትየው፣ ተቀበላት ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ሊያ ዞር ብላ አየችኝ። ያ ፊት። የዐሥራ አንድ ዓመቷ ፊት።

ቆምኩ። ከኋላዋ ዞሬ ቀበቶዋን በሁለት እጄ ያዝኩ። ዘንጉን ሳይሆን ቀበቶዋን። ያንቺ ነው፣ ያንቺ ነው፣ ሌላ ምን እንዳልኩ እንጃ። ማግኑስ ውኃ አጠጣት። እንዲህ ሆነን፣ ሦስታችን ተደጋግፈን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ ዓሣው ታየ። ከሥራችን ሲያብለጨልጭ፣ ትልቅ፣ የሰው ቁመት የሚሆን። ካፒቴኑ መንጠቆውን አነሣ።

ክሩ ላላ።

ሄደ። ሊያ ዘንጉን አቅፋ ቁጭ አለች። ሰዎቹ አጨበጨቡላት፤ ትልቅ ነበር፣ የማንንም ክር ይበጥስ ነበር አሉ። የቀረውን ክር የጠቀለለው ማግኑስ ነው። ጫፉ ሲመጣ አየሁት። አልተበጠሰም። እንደ አሳማ ጭራ ተጠቅልሏል፤ ሾልኮ የተፈታ ክር ጫፉ እንደዚያ ነው። የኔ ቋጠሮ። ማግኑስ ጫፉን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ በጥርሱ ቆረጠና ኪሱ ከተተው፣ ሊያ ሳታይ። ተበጠሰ አላት።

ሸፈነልኝ። በሬን የዘጋሁበት ሰው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት

ሙሉ ደወለች። ዛሬ ሆሳዕና ነው፤ በዚህ ቀን ባሕር መግባቴን አልወደደችውም ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የዘንባባ ቀለበት አምጥታለች፣ አራት። ለማን ለማን ብዬ አልጠየቅኋትም።

ሊያ ክንዷን በረዶ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ በግድግዳው ይሰማኛል። ነገም ጀልባው አለን። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ማግኑስ አይናገርም፤ አሁን አውቄዋለሁ። ዓሣው ትልቅ ነበር ተብሎ ይቀራል፣ እኔም ዘንግ መራጩ አባት ተብዬ እመለሳለሁ።

አልችልም። ዘንጉንና ናይለኑን አንሥቻለሁ። ክፍላቸው ቀጥሎ ያለው ነው። ሄጄ አንኳኳለሁ። ለሊያ ቋጠሮው የኔ ነበር እላታለሁ፤ የሳልሞኑንም፣ የበሩንም። ማግኑስን ያንን ቋጠሮ አሳየኝ እለዋለሁ።

ቶሎ ባይከፍቱልኝም እቆማለሁ። እሱ ያን ቀን ስንት ደቂቃ እንደቆመ አውቃለሁ፤ በበሩ ቀዳዳ እያየሁት ነበር።