የአማቴ መንጋጋ

ኅዳር 3
ደህና ቀን። ዶክተር ዛሬም ጓንት እንዳደረገ ስልኩን ሊያነሳ ሲል እጁን ቸብ አደረግኩት። "ረስቼው እኮ ነው!" ... መቼ አስታውሶት ያውቃል? ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ። ጥርስ ሲነቅል ግን እጁ ወርቅ ነው፤ ምን ይደረግ።

ከሰዓት ባለቤቴ ደወለ። "እማዬን መንጋጋዋን አሟታል፣ ነገ ትመጣለች።" ወይ ጉድ! አማቴ? ከተጋባን ጀምሮ "ያቺ" እንጂ ሌላ ብለውኝ የማያውቁት ሴትዮ? ይሄን ጥርስ በሰላም ካስነቀልኩላቸው ምናልባት ይወዱኝ ይሆናል...

ኅዳር 4
ጉድ ፈላ። ጠዋት ዕቃዎቹን ከማምከኛው ማሽን ሳወጣ የጥቅሎቹ ቴፕ ላይ ያለው መስመር አልጠቆረም። እንፋሎቱ በደንብ ካልደረሰው አይጠቁርም። ደገምኩት። አሁንም ገርጥቶ ወጣ።

አማቴ ጉንጫቸው አብጦ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ዶክተር ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ "በአልኮል ጠረግ ጠረግ አድርገን እንገላግላቸው። ቤተሰብ አይደሉ?"

"ቤተሰብ ስለሆኑ ነው ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መንቀያ የምንከትባቸው?"

ደግነቱ ሲነግሩት ይሰማል። ማሽኑ መበላሸቱን ነግሮ ማስታገሻና የእብጠቱን መድኃኒት ጻፈላቸው።

"ለኔ ሲሆን ዕቃው ተበላሸ?" ብለው ቦርሳቸውን አንስተው ውልቅ! "እማማ፣ ሌላ ክሊኒክ ልውሰድዎት" እያልኩ እስከ በር ተከተልኳቸው። ዞርም አላሉ።

ኅዳር 5
ባለቤቴ አኩርፏል። "እናቴን ከነሕመሟ መለስሻት።"
"ከነጀርሙ ብመልሳቸው ይሻልህ ነበር?"
ሳቁን ዋጠው። አማቴ ስልክ አያነሱም። ለጎረቤት ሁሉ "ምራቴ አባረረችኝ" ብለዋል አሉ። ልክ ነኝ... ነኝ አይደል? ታዲያ ምን ያስለቅሰኛል?

ኅዳር 6
የማሽን ጠጋኙ መጣ። የበሩ ላስቲክ ተሰንጥቆ እንፋሎቱ ሲያመልጥ ነበር ለካ። ቀየረው፤ ሞከርነው፤ መስመሩ ጥቁር ከሰል! ዶክተር የተሰነጠቀውን ላስቲክ ይዞ ብዙ ቆመ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ሄዶ እጁን ታጠበ። እሰይ።

የነጣውንና የጠቆረውን ቴፕ ይዤ አማቴ ቤት ሄድኩ። በር ላይ አቆሙኝ። የነጣው ዕቃው እንዳልመከነ የሚያሳይ መሆኑን ነገርኳቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩ።
"በዚህ በነጣው ነበር የምትነቅሉኝ?"
"ዶክተሩ አስቦ ነበር።"
"አንቺስ?"
"እምቢ አልኩ።"
መነጽራቸውን አወለቁ።
"ግቢ እንግዲህ፤ ብርድ አስገባሽብኝ።"

ኅዳር 8
መጡ። ገና ከመቀመጣቸው፣ "ጥቅሉን እዚሁ ፊቴ ክፈቱት!" ዶክተርን ደግሞ፣ "እጅህን ታጥበሃል?"
"አዎ፣ እናቴ።"
"ድገመው።"
ደገመው። ሳቄን በማስኬ ደበቅኩ። አቤት ማስክ፣ ስንቱን ይሸፍናል!

መርፌው ሲቀርብ ግን ጀግናዋ አማቴ ግራ እጄን ጭምድድ። አላስለቀቅኳቸውም። በግራዬ እሳቸውን፣ በቀኜ የምራቅ መምጠጫውን እንደያዝኩ መንጋጋው ወጣ። አለቀ ተባሉ፤ እጄን አይለቁም።

"እማማ፣ ይልቀቁኝ፣ ጓንቱን ልቀይር።"

ጥጥ በነከሰ አፋቸው፣ "ቀይሪና መልሰሽ አምጪው" አሉኝ።