ኩሬው ታሟል እንጂ አልሞተም

ይድረስ ለልጄ፤ የምትረግጪው ሁሉ ይለምልምልሽ፣ ክፉ ነገር በደጅሽ አይለፍ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጣሪያው ተጠግኗል። ድመቷም ወልዳለች፣ ያውም ያንቺ ልብስ ሳጥን ውስጥ።

ወንድምሽ የጓሯችንን ኩሬ ፎቶ ልኮልሽ «ሞቷል፣ ደፍኜ ቤት ልሥራበት» እንዳለሽ ሰማሁ። አንቺም እሺ ብለሻል አሉ። ፎቶውን ያነሳው እኮ አሁን፣ በበጋው መጨረሻ ነው፤ ውሃው አንሶ፣ አረንጓዴ ለብሶ በሚሸትበት ሰሞን። በዚህ ጊዜ እኔም ነጭ ልብስ አላጥብበትም። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ የመንገዱን ጭቃ ጠጥቶ ይደፈርሳል። ክረምቱ ሲወጣ ግን ዳር ዳሩን የበቀለው ደንገል አጣርቶት፣ ጎንበስ ስል ፊቴን ያሳየኛል። ሁለታችሁንም አጥቤ ያሳደግኩት በዚያ ውሃ ነው። አንቺንስ ኩፍኝ ይዞሽ ፊትሽ ያበጠ ጊዜ ፎቶ ያነሳሽ ሰው ቢኖር፣ ቅበሯት ይለን ነበር?

ትናንት ወንድምሽ አፈር የጫነ መኪና ይዞ መጣ። ወንበሬን አወጣሁና ኩሬው ዳር ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ተነሺ እንጂ፣ ሰው ያያል» አለኝ።

«ይይ። መጀመሪያ እኔን ድፈን» አልኩት።

ሹፌሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ መኪናውን አዞረ። ወንድምሽ እስካሁን እንዳኮረፈ ነው፤ እራቱን ግን አልተወም።

ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ እንጀራሽን ያብዛልኝ። አንዲት ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማ ላኪልኝ። የእግሬን ልክ ታውቂዋለሽ። ወንድምሽ አፈሩን ይዞ ሲመለስ ውሃው መሀል ቆሜ ነው የሚያገኘኝ።

እናትሽ