የታጠበው የመብረቅ ድንጋይ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 25

ዛሬም አልመጣችም። ወንበሯ ላይ ሌላ ልጅ ቦርሳውን አስቀምጦ ሳይ ተናድጄ አስነሳሁት። ልጁ ምንም አላጠፋም።

ለሊሴ ከክፍሌ አንደኛ ናት። የፊታችን ሰኞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞቻችን ከካቺሲ በአውቶቡስ ወደ አምቦ ሄደው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገባሉ። እስከዚያ ካልተመለሰች ፈተናው አለፋት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ባለፈው ሳምንት የታሪክ ክለሳ ላይ ነበርን፤ አዲሱ የድንጋይ ዘመን። ሰው ማረስ የጀመረበት፣ ከብት ያላመደበት፣ ሸክላ የሠራበት፣ ድንጋይ እያሸ መጥረቢያ ያወጣበት ዘመን። ልጆቹ ያንቀላፋሉ። አልፈርድባቸውም፤ መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ሩቅ አገር ወንዞች ብቻ ነው። እኔም ነቃ ይበሉልኝ ብዬ «እስቲ ከየቤታችሁ አሮጌ ዕቃ አምጡ» አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

አንዱ አፉ የተሸረፈ ገንቦ አመጣ። አንዷ የአክስቷን አምባር። አንዱ ቀልደኛ የአባቱን ራዲዮ። ለሊሴ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ ጥቁር፣ የሚያሟልጭ፣ የከረመ ቅቤ የሚሸት፣ መዳፍ የሚሞላ። «ደጋ በከካ» አለች፣ የመብረቅ ድንጋይ። መብረቅ ሲመታ ከሰማይ አብሮ ይወርዳል ይባላል። ያገኘው ሰው ቤቱ ያኖረዋል፤ መብረቅ ያንን ቤት ደግሞ አይደፍርም። አያቷ በየዓመቱ የክረምቱን የመጀመሪያ ነጎድጓድ ሲሰሙ ቅቤ ቀብተው በሻሽ ጠቅልለው ከበር በላይ ጣራው ሥር ይሸጉጡታል።

በእጄ ስይዘው ልቤ ዘለለ። ስለት አለው። የድንጋይ መጥረቢያ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ቁርጥ እሱ! አስፈቅደሽ ነው ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኳትም። ፎቶ አነሳሁና የክፍሉ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት፤ በአባቷ ስም፣ «ከኦቦ ገመቹ ቤት የተገኘ የመብረቅ ድንጋይ» ብዬ። ቤተሰቡን ማመስገኔ ነበር እኮ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 26

ዛሬ ነው በቅጡ የገባኝ። የባዮሎጂ አስተማሪዋ ትዕግስት በእረፍት ሰዓት ጎተተችኝና «ምን ነካሽ?» አለችኝ። እሷና የለሊሴ ቤተሰብ አንድ ጉባኤ ናቸው፣ ጴንጤዎች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የነሱን ቤት ጉዳይ ከየት አውቃለሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ ጌታን ሲቀበል የጥንት አምልኮ የሚባለውን ዕቃ ሁሉ አውጥተው ጥለዋል፤ ጨሌውን፣ ቅሉን፣ ሁሉንም። ኦቦ ገመቹ ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ ሲሆኑ «ቤትህ የቀረ ነገር አለ?» ተብለው በጉባኤው ፊት «የለም» ብለዋል። የእኔ ፎቶ ግን ስማቸውን ይዞ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሊጠይቋቸው ጠርተዋቸዋል።

ፎቶውን አጠፋሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ትናንት ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ድንጋዩን ለማሳያ እኔ ጋ አስቀርቼ አጥቤዋለሁ። ልጆቹ አስተሻሸቱን እንዲያዩ ብዬ በሙቅ ውሃና በኦሞ፣ በጥርስ ብሩሽ ጭምር። ስንት ክረምት የተቀባ ቅቤ በሳህን ውስጥ ጥቁር ሆኖ ወረደ። ከሥሩ የወጣው ድንጋይ አረንጓዴ ቢጤ ነው፣ ለስላሳ፣ በጣም የሚያምር። ሳየው ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ በሻሹ መልሼ ጠቅልዬዋለሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 27

ኦቦ ገመቹ ትምህርት ቤት መጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮሁም፤ ያ ባሰብኝ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ባርሲስቱ» አሉኝ፣ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው፣ «ፎቶውን አጥፊው።»

«አጥፍቼዋለሁ ኦቦ።»

«እንግዲያ ምን ቀረን?» አሉ።

ይቅርታ ጠየቅኩ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉኝ። ስለ ቅቤ ሲያነሱ ፊቴ ጋለ። ስለ መታጠቡ አያውቁም።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ነገሩኝ። ድንጋዩ ቤት እንዳለ ያውቁ ነበር። እናታቸው ሲደብቁት አይተው እንዳላዩ ሆኑ። «አሮጊት ናት፤ ነጎድጓድ ትፈራለች። ከእጇ ልንጠቃት?» አሉ። ታዲያ እሁድ ምን ይላሉ? አውቅ ነበር ቢሉ ውሸታም ሊባሉ ነው፤ አላውቅም ቢሉ ይዋሻሉ።

ስለ ለሊሴ ለመንኳቸው። «ልጅቷ ከቤት ሰርቃ አዋረደችኝ። እሁድ ነገሩ ካማረ ያምራል። ካላማረ ሰኞ ጠዋት ባኮ እህቴ ጋ እልካታለሁ፤ ወሬው ይብረድ። ለሚመጣው ዓመት ትፈተናለች።»

የሚመጣው ዓመት! ባኮ የሄደች ሴት ልጅ መጀመሪያ የአክስቷን ልጆች ታዝላለች፣ ቀጥሎ የራሷን። ይሄን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ እዚህ ግን እጽፈዋለሁ።

ሲወጡ «ድንጋዩንስ?» አልኳቸው። «ለእናቴ ስጫት። እኔ አልነካውም።»

ዓርብ፣ ሰኔ 28

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ማስተማር አልቻልኩም፤ አንዱን ነገር ሁለቴ ተናገርኩ።

እናቴ ከአምቦ ደወለች። ነገሩን ነገርኳት፤ ምናልባት እሁድ ጉባኤያቸው ሄጄ ስለ ድንጋዩ ማስረዳት ሊኖርብኝ ይችላል አልኳት። «ጴንጤ ልትሆኚ ነው?» አለች። ያን ሁሉ አውርቼ የያዘችው ይሄን ብቻ ነው። ሆኖም ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «የሰው ልጅ መንገድ ዘግተሽ አትቅሪ፣ ሂጂ» አለችኝ።

ያሰብኩት ይሄ ነው፦ ድንጋዩ መጥረቢያ ከሆነ ጣዖት አይደለም። የሰው የሥራ ዕቃ ነው። ያንን ካሳመንኳቸው ኦቦ ገመቹ ይተርፋሉ፣ እሳቸው ከተረፉ ለሊሴ ትሳፈራለች።

ግን አያትየውስ? ዕድሜ ልካቸውን ከሰማይ ወረደ ያሉትን እኔ ሄጄ «ገበሬ የጣለው ነው» ልላቸው ነው?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 29

ሄድኩ። በባጃጅ እስከ ድልድዩ፣ ከዚያ በጭቃው በእግር። ጫማዬን ጭቃው ነጠቀኝ፤ ጎንበስ ብዬ ስፈልገው የጎረቤት ከብት ጠባቂዎች ሳቁብኝ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ለሊሴ በር ላይ አየችኝና ወደ ውስጥ ሮጠች። አያቷ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አኮ ዲንቄ ይሏቸዋል፣ አያት ዲንቄ። ትንሽ ሴት ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል። ከሻሹ ፈትቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ዳበሱት። ወደ አፍንጫቸው አቀረቡት። ከዚያ መልሰው ጭኔ ላይ ጣሉት።

«ይሄ የእኔ አይደለም። ለወጥሽብኝ።»

አጥቤው ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። የእሳቸው ጥቁር ነው፣ የእሳቸው ቅቤ ይሸታል፣ ይሄ ሳሙና ሳሙና ይላል። ለነጭ ሸጠሽው ነው ወይ አሉኝ። ለሊሴ ጥግ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ምን ብዬ ላሳምናቸው? ደጅ ደግሞ ያጉረመርማል፤ ባጉረመረመ ቁጥር ወደ ባዶው በር አናት ቀና ይላሉ።

ለሊሴ ናት ያዳነችኝ። «አኮ፣ ጥርሱን፣ ጥርሱን ዳብሺ» አለች። ስለቱ ላይ ትንሽ ስብራት አለ። ባላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያገኙት ሲያርሱ ነው፤ መብረቅ ከመታው ዛፍ አጠገብ፤ ማረሻው ነክቶት ሸርፎታል። አሮጊቷ አውራ ጣታቸውን ስብራቱ ላይ አደረጉ።

«እሱ ነው» አሉ። «ከቅቤው ሥር እንዲህ ነበር እንዴ?»

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። «ማነው እንዲህ ያለሰለሰው?»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። «እግዜር ነው» ብል ያልቅ ነበር።

«ሰው ነው አኮ» አልኳቸው። ብረት ሳይታወቅ በፊት የነበረ ሰው፤ ደን መንጥሮ ሊዘራ የፈለገ ሰው። ውሃ እያፈሰሰ፣ አሸዋ እየነሰነሰ፣ በሌላ ድንጋይ ላይ ስንት ቀን ሲያሸው ከርሞ። በቻይናም፣ በአውሮፓም፣ በሌላውም አፍሪካ ያሉ ገበሬዎች እንዲህ ዓይነቱን ሠርተዋል፤ ኋላ የመጡት ገበሬዎች ደግሞ እርሻቸው ላይ ሲያገኙት እንደ እርስዎ ከመብረቅ ጋር ወረደ ብለዋል። በኦሮምኛዬ እየተንተባተብኩ ነው ይሄን ሁሉ ያልኩት።

ስነሳ «ነገ ጉባኤው ጋ ይዘሽው ነይ፤ እኔም እመጣለሁ» አሉ። ፊታቸውን ማንበብ አልቻልኩም።

እሁድ፣ ሰኔ 30

ከአምልኮው በኋላ ቢሮ ውስጥ ተቀመጥን። ወንጌላዊው፣ ሽማግሌዎቹ፣ ኦቦ ገመቹ፣ ለሊሴ፣ አኮ ዲንቄና እኔ። ድንጋዩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ማንም ወደሱ ወንበሩን አላስጠጋም።

ወንጌላዊው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ተናገሪ አሉኝ። ትናንት ለአሮጊቷ ያልኩትን አልኩ፣ በተሻለ ኦሮምኛ። መጥረቢያ ነው፣ እጀታው በስብሶ ድንጋዩ ቀረ፣ የገበሬ ዕቃ ነው አልኩ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያዋጣኛል ብዬ ነበር።

አንደኛው ሽማግሌ ግን «ባርሲስቱ፣ መጥረቢያ እኔም ቤት አለ። ቅቤ ቀብቼው አላውቅም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሰውየው ቀጠሉ፤ ይሰበር፣ እዚሁ በመዶሻ ይድቀቅ፣ ገመቹም ያውቅ እንደሆነ ይናገር አሉ። ኦቦ ገመቹ አንገታቸውን ደፉ። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አኮ ዲንቄ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«እኔ ነኝ የቀባሁት። ልጄ ጣይ ብሎኝ ነበር፤ ጥዬዋለሁ አልኩት። አያውቅም።»

እኔ እውነቱን አውቃለሁ። ልጃቸውም ያውቃል። እናትየው በቤተ ክርስቲያን ዋሹ፤ ልጅየው አቀርቅሮ ዕንባውን ጠረገ፤ እኔም ዝም አልኩ። ለሊሴ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ያዘችኝ።

አሮጊቷ ግን አልጨረሱም። «ከሰማይ መጣ ብዬ ነበር የያዝኩት። ይቺ ሴት የሰው ልፋት ነው አለች። ሌሊት ሳስበው አደርኩ። ሰው እንዲህ የለፋበትን መስበር ምን የሚሉት ጽድቅ ነው? እኔ ቤት አይመለስ፣ እሺ። ለልጆች ታሳይበት።» ድንጋዩን አንስተው እኔ እጅ ላይ አደረጉት። ከማስቀመጣቸው በፊት ግን አውራ ጣታቸው ስብራቱን አንዴ ፈለገው። ማልቀስ ያማረኝ ያኔ ነው።

ወንጌላዊው ጸለዩ። ኦቦ ገመቹ እስከ መስከረም ከአገልግሎት አርፈው ይቆዩ ተባለ። ይህ አማረ ነው ወይስ አላማረም? ሲወጡ ልጠይቃቸው ቀረብኩ። «ደህና ዋይ ባርሲስቱ» ብቻ ብለው እናታቸውን ደግፈው ሄዱ። ለሊሴ ዞር ብላ አየችኝ፤ እሷም አታውቅም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 1

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ለሊሴ የለችም። ሹፌሩን መጀመሪያ ለመንኩት፤ ቀጥሎ ጎማው አጠገብ ቆምኩ። ዳይሬክተሩ «አንቺ ሴትዮ፣ የአንዷን ብለሽ ሌሎቹን ልታስቀሪ ነው?» አለኝ። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። የባኮም መኪና በጠዋት ነው የሚወጣው፤ ሄዳለች፣ አበቃ አልኩ። ከጎማው ዞር አልኩ።

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ተማሪዎቹ በመስኮት ጮሁ። ኦቦ ገመቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ የልጃቸውን ሻንጣ ራሳቸው ላይ ተሸክመው በጭቃው ይሮጣሉ። ለሊሴ ከኋላቸው፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። ድልድዩን ውሃ ሞልቶት ዞረው ነው የመጡት። ሹፌሩ ቆመላቸው፤ አሳፈሯት። እኔን ሳይሆን አውቶቡሱን እያዩ «የእናቴ ውሸት ከንቱ አይሁን ብዬ ነው» አሉኝ።

ለሊሴ ከመሳፈሯ በፊት በኮባ የታሰረ ነገር ጭብጤ ውስጥ ጣለች። «አኮ ናት። ለአንቺ ነው አለች።» ፈታሁት፤ ቅቤ።

ከሰዓት ሰማዩ በአምቦ በኩል ጠቆረ። መብረቁ ኮረብታውን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። ያ መንገድ በክረምት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አጃቢው መምህር ስልክ አያነሳም። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ድንጋዩ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል፤ ቅቤው አጠገቡ።

ድንጋይ ቅቤ አያስፈልገውም። የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ አውቃለሁ። ቀባሁት። ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ስብራቱን ሳይቀር።

ስልኩ ሲጮህ በዚያው እጄ አነሳሁት፤ ሁለቴ አሟለጨኝ። ደርሰዋል። ሁሉም ገብተዋል፣ ለሊሴም አልጋ ይዛለች። ስልኩ አሁንም ቅቤ ቅቤ ይላል።