ጡሩምባው ሲጮኽ ዙሩ እንዲቋረጥ

ለወታደራዊ የአየር ትዕይንት ዝግጅት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ግንቦት 6

ጉዳዩ፦ የጭነት አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ የሚያደርገው ጠባብ ዙር ከዘንድሮው ትዕይንት እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት በትዕይንቱ ላይ በወደቀው ወታደራዊ የጭነት አውሮፕላን ውስጥ ከሞቱት አንዱ፣ የጭነት ኃላፊው፣ ታላቅ ወንድሜ ነው። ይህን አቤቱታ ቀደም ብዬ ይዤ ስመጣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ዕድሜዬን አይተው «አዋቂ ይዘህ ና» ብለው መልሰውኛል። በቤታችን እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚጨርስልን አዋቂ ወንድሜ ነበር። ስለዚህ ከእኔ ፊርማ በታች እናቴ ፈርማለች።

2. አውሮፕላኑ በዕለቱ ባዶ ነበር። ጭነት በሌለበት የጭነት ኃላፊ ምን እንደሚሠራ ያን ጠዋት እናቴ ጠይቃው ነበር። ጫማውን እያሰረ «ዛሬ ጭነቱ እኔ ነኝ» አላት። ደንቡ ሠራተኛው ሙሉ ሆኖ ይሳፈር ስለሚል ብቻ ከኋላ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ፣ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጦ ነበር።

3. የምርመራው ውጤት ለቤተሰቦች በአዳራሽ ሲነበብ ተገኝቻለሁ። አውሮፕላኑ እንደተነሣ ሽቅብ ወጣ። ሕዝቡ ጀርባውን እንዲያይ ወደ ቀኝ እጅግ ተጋድሞ ዞረ። ፍጥነቱ ወረደ፤ ክንፉ መሸከም አቃተው። ከዚያ በፊት፣ ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ሊወርድ ሲል የሚሰማው የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ጮኾ ነበር። ንባቡ «አብራሪው ማስጠንቀቂያውን ችላ ብለዋል» በሚል አበቃ። የእኔ አቤቱታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

4. ችላ አላሉትም፤ ይጠብቁት ነበር። ወንድሜ ራት ላይ እንደነገረን፣ ለትዕይንት ሲለማመዱ ጡሩምባው በዚያ ዙር ላይ ሁልጊዜ ይጮኻል። መጀመሪያ ሰሞን ይደነግጡ ነበር። ኋላ ለመዱት። ከመልመድም አልፈው ዙሩ ማማሩን የሚያውቁት በእሱ ሆነ፤ ያልጮኸ ዕለት «ዛሬ ላላ» ተባብለው ይደግሙታል። ስምም ወጥቶለት ነበር፤ «አክስቴ» ይሉታል። ስሙን ያወጣው ወንድሜ ነው። ቀኑን ሙሉ «ቀስ በሉ፣ ግራ ቀኝ እዩ፣ ደረጃው ያንሸራትታል» ስትል የምትውል አክስት አለችን። ስትደውል ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ሥራችንን እንሠራለን፤ አልፎ አልፎ ጠጋ ብለን «እሺ አክስቴ» እንላለን። አውሮፕላኑ ውስጥም ጡሩምባው ሲጮኽ ሁሉም አንድ ላይ «እሺ አክስቴ» ይሉ ነበር። ሲያወራልን ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። ያስቅም ነበር።

5. ይህን የምጽፈው የሞቱትን አብራሪ ለመወንጀል አይደለም። ወንድሜ ይወዳቸው ነበር። ልማዱ ግን ከእሳቸው ጋር አልሞተም፤ ንባቡ ጥፋቱን በእሳቸው ላይ ዘግቶ ልማዱን ደጅ ትቶታል።

6. በዕለቱ እኔና እናቴ ከክብር እንግዶች ጋር የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠን ነበር። አውሮፕላኑ ከዛፎቹ ጀርባ ሲገባ ሕዝቡ የትዕይንቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። እናቴም ሁለት ጊዜ አጨብጭባ እጇ እንደተነሣ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስላለው የምጽፈው የለኝም። ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። የቀረበልኝን እበላለሁ። የወንድሜ አልጋ ላይ ያልታጠፈ ልብስ እናስቀምጣለን።

7. በቅርቡ ከመምሪያዎ በደረሰን ጥሪ ላይ፣ ዘንድሮ ተመሳሳይ አውሮፕላን ያንኑ ዙር «ለሟቾቹ መታሰቢያ» እንደሚያደርግ ተገልጿል። ተተኪው አብራሪ ቤታችን ድረስ መጥተው ነበር። ጨዋ ሰው ናቸው፤ የሟቹ አብራሪ ተማሪ ነበሩ። እናቴን «አይዞዎት እናቴ፣ እሳቸው እንዳስተማሩኝ ነው የማበረው፤ አንድም ነገር አላጎድልም» አሏት። ሊያጽናኗት ብለው ነው። እኔ የፈራሁት እሱኑ ነው።

ሲወጡ አክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን መኪናቸው ከዓይን እስኪሰወር «ቀስ ብለህ ንዳ ልጄ» ማለቷ አይቀርም ነበር። ምንም አላለቻቸውም። የጡሩምባውን ስም ልቅሶ ላይ ከሰማች ወዲህ ማንንም አታስጠነቅቅም። እኔም መንገድ ስሻገር ዝም ብላ ታየኛለች።

8. ስለዚህ መምሪያዎ፦

ሀ. ያ ዙር ከዘንድሮው ትዕይንት እንዲወጣ ይዘዝልን። አውሮፕላኑ በበቂ ከፍታ ቀጥ ብሎ ቢያልፍ ለመታሰቢያ ይበቃል፤ እኛ ጀርባውን ማየት አያስፈልገንም።

ለ. በልምምድም ሆነ በትዕይንት ጡሩምባው ከጮኸ ዙሩ እዚያው እንዲቋረጥ፣ ያቋረጠ አብራሪም «ፈራ» ተብሎ እንዳይወቀስ በደንቡ ውስጥ ይጻፍልን። ስም እንዳይወጣለት መከልከል እንደማይቻል አውቃለሁ።

ሐ. ለትዕይንት በሚበር ባዶ አውሮፕላን ላይ ለበረራው የግድ የማያስፈልግ ሰው እንዳይሳፈር ይደረግልን። የአሁኑን የጭነት ኃላፊ አላውቀውም። እሱም ጠዋት ጫማውን ሲያስር የሚያየው ሰው ይኖራል።

ለእናቴ፣ ለአክስቴና ለእኔ የተላኩልንን የክብር መግቢያ ካርዶች ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ዙሩ ከቀረ መልሰው ይላኩልን፤ እንመጣለን። ቦታው ግን የፊተኛው ረድፍ ባይሆን እንመርጣለን። ከዚያ ሁሉም ነገር ይታያል።

ከመላው ቤተሰቤ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የጭነት ኃላፊው ታናሽ ወንድም

(ፊርማ)
እናቱ