ከቅል አምባ አጥር ውጭ

ውድ አባቴ፣

መነኩሴ አንቱ እንደሚባል አውቃለሁ። አንቱ ብዬ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድሁት፤ የማላውቀው ሰው ሆንህብኝ። ስለዚህ እንደ ልማዴ አንተ እልሃለሁ፣ ገዳምህ ይቅር ይበለኝ። ደብዳቤውን የሚያደርሱልህ አባት ፊትህን እንዳያዩ ብቻህን ስትሆን ክፈተው።

ለፋሲካ ለላክሁልህ ደብዳቤ መልሱ በቃል ነው የመጣልኝ። «የምትፈልጊው ሰው ሞቷል፣ ነፍስ ይማር በይለት» ብለሃል አሉኝ። ስትመነኩስ ፍትሐት ተፈትቶልሃልና ቃልህ ከሥርዓቱ አልወጣም። ግን እኔ የፈለግሁት መሪጌታ ወልደ ዮሐንስን አልነበረም። እሱንማ አውቀዋለሁ፣ አሳድጎኛል። የፈለግሁት ሀዳነን ነበር።

ስሙን ከኔ እጅ ጽሕፈት ላይ ስታየው ምን እንደምትሆን አላውቅም። እኔም ብሆን የሰማሁት ካቻምና ነው። ልጅ ሆኜ ዘመዶችህ የት ናቸው ስልህ «ቀሐ ማዶ ነበሩ፣ አልቀዋል» ትለኝ ነበር። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባል የለ? አንተም ስለ አባትህ ስጠይቅህ ስለ ዜማ መምህርህ ታወራልኝ ነበር። ታሪክ አስተማሪ ሆኜ ለተማሪዎቼ የነገሥታቱን የዘር ሐረግ ከላይ እስከ ታች አስቆጥራለሁ፤ የራሴ ግን ካንተ አያልፍም። እማዬ ሞታ፣ አንተም ገዳም ገብተህ ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ ያለቁት ሰዎች ይኖሩበት የነበረውን ሰፈር ልፈልግ ተነሣሁ።

ቀሐን አሰስሁት። ከወንዙ ማዶ ተወልደው ያረጁትን በየደጃቸው ሄጄ ጠየቅሁ። አንድ ቄስ «መሪጌታንማ እናውቃቸዋለን፣ ከየት እንደመጡ ግን ጠይቀናቸው አናውቅም» አሉኝ። አንዲት አሮጊት ደግሞ ያንተን ስም ስጠራባቸው ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። የምፈልገው ሰፈር ቀሐ እንዳልነበረ እሳቸው ያውቁ ነበር። አንተ በአንዲት ቃል ክረምቱን ሙሉ በጭቃ አንከራተትኸኝ።

መንገዱን ያሳየችኝ ሳሪት ናት። ሳሪት የእህትህ የሸዋረግ ልጅ ናት፤ እስራኤል ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን ከእናቷ ብቻ የተማረች። የአሮጊት ንግግር ከወጣት አፍ ሲወጣ ያስቃል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቃ «የሀዳነ ልጅ አንቺ ነሽን?» አለችኝ። ተሳስተሻል፣ አባቴ ወልደ ዮሐንስ ይባላል አልኋት። አልተከራከረችም፤ ስልኳን አውጥታ የእናቷን ፎቶ አሳየችኝ። ያንተ ግንባር፣ ያንተ ጆሮ በሴት ፊት ላይ ተቀምጠዋል። እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ አልሁ።

ሸዋረግ ከዓመታት በፊት የጎንደር ጥምቀት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ከካህናቱ መካከል አይታህ፣ በአገር ሰው አስጠይቃ ስምህን አግኝታ ነበር። ልትጽፍልህ አልደፈረችም። አንተ ተጠምቀህ የቀረህ ቀን አባትህ ለቅሶ ተቀምጦብሃል፤ ለሞተ ሰው ደግሞ አይጻፍም። አየህ አባቴ፣ አንድ ጊዜ በነሱ ሥርዓት፣ አንድ ጊዜ በኛ ሥርዓት ሁለት ጊዜ ሞተሃል። እኔ በመካከሉ ባገኘኋት ዕድሜ ነው ልጅህ የሆንሁት።

ትክል ድንጋይ የወረድነው መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ነው። በገበያው ውስጥ ስለ ቅል አምባ፣ ስለ ቤተ እስራኤሎቹ የድሮ ሰፈር፣ ብንጠይቅ ወጣቶቹ ሰምተውት አያውቁም። በኋላ አንዲት ጨው ሻጭ ወደ አጎራባቹ የክርስቲያኖች መንደር ሽማግሌ፣ ወደ አያ አለምነህ መራችን። ታውቃቸዋለህ፤ በልጅነታችሁ ወንዝ አብራችሁ ስትዋኙ እናቶቻችሁ በየበኩላቸው ይገርፏችሁ ነበር አሉኝ። አሁን ምርኩዝ ይዘዋል፣ አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ነገር ግን አይረሱም፤ ቅል አምባ ድረስ መሩን።

እኔ ሰፈር ስል ፍርስራሽ ጠብቄ ነበር፤ እስከ ጉልበት የቀረ ግድግዳ፣ የቤት መሠረት፣ የሆነ ነገር። ምንም የለም። ባቄላ ተዘርቶበታል። ሳሪት ጫማዋን አውልቃ በእርሻው ዳር ስትሄድ አንዳንዴ ጎንበስ ትላለች፤ የምታነሣው ወይ ገል ነው፣ ወይ ከአንጥረኞቹ ምድጃ የወጣ ጥቁር ጠጠር ነው። ሴቶቹ የሸክላ አፈር ይቆፍሩበት የነበረው ጉድጓድ ውሃ ቋጥሮ ከብት ይጠጣበታል። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ጸሎትና ጭቅጭቅ የነበረበት ቦታ አንድ ጥማድ በሬ ከሰዓት በፊት አርሶ የሚጨርሰው መሬት ነው። አለቀስሁ ብል ውሸት ነው፤ ንድድ ነው ያለኝ። ይህን የሚያህል ነገር ከልጅ ይደበቃል?

ከእርሻው ጫፍ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ከጎኑ የገል ክምር። ሣር በቅሎበታል፣ ቁመቱ ግን ከጉልበቴ ያልፋል።

«ይህ የአያትሽ የማናዬ ድንጋይ ነው» አሉ አያ አለምነህ። «ሀዳነ ከቄስ ትምህርት ቤት ለበዓል ሲመጣ እዚህ ላይ ታበላው ነበር። አጥሩ እዚያ ነበር፤ እሷ ከአጥሩ ወዲያ ትቆማለች፣ እሱ ከወዲህ ይበላል።»

ይህን ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በእማዬ ለቅሶ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ «የበላሁበትን ዕቃ ፊቴ ላይ የሰበረች ሴት አውቃለሁ» ብለኸኝ ነበር። ማን ናት ስልህ ተነሥተህ ወጣህ። ቤታችን ሸክላ የማይገባውም በዚህ ነበር ለካ። እማዬ በብረት ድስት ወጥ እየሠራች «ጣዕም የለው» ስትል፣ አንተ አቀርቅረህ ስታኝክ አሁንም ይታየኛል።

ገሉ ለምን እዚህ ተከመረ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምነው ልጄ፣ ሕጋቸውን አታውቂምን? ከሰፈሩ ውጭ የሆነ ሰው የበላበት ሸክላ ተመልሶ አይገባም። እንጨት ይታጠባል፣ ብረት በእሳት ይነጻል፣ ሸክላ ግን ከመሰበር በቀር መንጻት የለውም ይሉ ነበር። እሱ በመጣ ቁጥር አዲስ ወጭት ትሠራለት ነበር። የገበያውን አይነት እንዳይመስልሽ። ሆዱን በጠጠር ፈትጋ ፈትጋ፣ ከንፈሩን አስጊጣ፣ ሸጋ ሸጋውን ለሱ። ሴቶቹ ለሚሰበር ዕቃ ይህን ያህል ምን ያለፋሻል ቢሏት 'ልጄን በመናኛ አላበላውም' አለቻቸው።»

«ለምን እንደምትሰብረው አልነገረችውም?»

«የሰፈሩ ልጅ አይደል? ሕጉን ያውቀዋል ብላ ነዋ። ያውቀው ነበር። እያወቀም ከፋው።» ምርኩዛቸውን ገሉ ላይ አሳረፉ። «እኔም ብሆን ይከፋኝ ነበር።»

ለእኔ ደግሞ ሁለታችሁም ታያችሁኝ፤ ድንጋዩ ላይ የተቀመጥኸው አንተና ከአጥሩ ወዲያ የቆመችው እሷ። አንተ ያየኸው አፍታ የፈጀውን መስበር ነው። አፈሩን መቆፈሩን፣ ማቡካቱን፣ መፈተጉን፣ ማድረቁን፣ መተኮሱን አላየህም። ገና ጢም ሳታበቅል ሄድህ፤ ሁለተኛም አልመጣህም። እሷ ግን ለየበዓሉ አዲስ ወጭት መሥራቷን አላቆመችም ነበር አሉ አያ አለምነህ። ሳይበላበት ሲመሽ አስገብታ አታውቅም፤ እንደበላህበት ቆጥራ ሰብራ ትገባ ነበር።

የቀረውን ስማ። ስማ የምልህ ልቀጣህ አይደለም፤ እኔ ብቻዬን ልይዘው ስላልቻልሁ ነው።

በሰማንያ ሦስት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደ እስራኤል ሲነሣ ማናዬ አልሄድም አለች። ሸዋረግ እግሯ ላይ ወድቃ ለምናለች። አልሆነም። አጎቶችሽ አንቺን ይወስዱሻል፣ እኔ ሰው እጠብቃለሁ አለቻት። ሰፈሩ ባዶ ሲሆን የራሷንም ቤት ትታ ወጣች፤ እዚህ ድንጋዩ ጎን፣ ከአጥሩ ውጭ፣ አንዲት ጎጆ ቀለሰች።

«ምነው ማናዬ፣ ባዶ ቤት ሞልቶልሽ ስለ ምን ደጅ ትወድቂያለሽ አልኋት» አሉ አያ አለምነህ። «'እነሱ ቢሄዱም ሕጉ አለ፣ የወጣ ሰው አስገብቼ ሰፈሩን አላረክሰውም። ሀዳነም ሲመጣ ዳግመኛ ብቻውን ውጭ አይቆምም። እኔው ውጭ ሆኜ ልጠብቀው' አለችኝ።»

አባቴ፣ ሕጓንም አልሻረችም፣ አንተንም አልተወችህም። ለሁለታችሁ የሚሆን አንድ ቦታ ፈልጋ አገኘች፤ አንተ ብቻ ቀረህ። ጎንደር እኮ ከዚያ በማለዳ ተነሥተው በእግር ቢሄዱ ምሳ ሰዓት ይደረሳል። እሷ እዚያ ጎጆ ውስጥ ሆና፣ አንተ በየደብሩ ማኅሌት እየቆምህ፣ እኔ ትከሻህ ላይ ተቀምጬ።

ስትሞት በሥርዓታቸው የሚቀብራት አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥርም አትገባም። እነ አያ አለምነህ ጎጆዋ ውስጥ ቀብረዋት ጎጆዋን አፈረሱባት። ዛሬም ማረሻቸው ያቺን መደብ ዞሯት ያልፋል።

በማግሥቱ ጥምቀት ነበርና አያ አለምነህ ጎንደር ድረስ መጥተው ቀሐ ጥምቀተ ባሕሩ ዳር አገኙህ። መቋሚያህን ተደግፈህ ቆመሃል። በጆሮህ ነገሩህ። አንተም «ተሳስተሃል ወንድሜ፣ እናቴ ከሞተች ቆይታለች» ብለህ ጸናጽልህን አነሣህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ያን ዓመት ድምፅህ ተዘግቶ እስከ ሁዳዴ አልተከፈተም ነበር። እማዬ ተልባ እያፈላች አቧራ ነው ትል ነበር። እኔም ሕፃን ሆኜ አቧራውን ስረግመው ትዝ ይለኛል።

እንዲህ ስጽፍልህ የምወቅስህ ይመስልሃል። ፈርተህ ነው። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆንህ ቢታወቅ ከማኅሌቱ ባያስወጡህ እንኳ ጎንህ የሚቆም እንደማይኖር፣ እኔንም ቡዳ እያሉ በድንጋይ እንደሚያባርሩኝ ታውቅ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ለኔ ስትል ዝም እንዳልህ አምናለሁ። አምኜም ግን ልቤ አልተመለሰም።

እዚያው መቃብሩ አጠገብ ሆነን ሳሪት ለእናቷ ደወለች። ሸዋረግ ኩላሊቷ ደክሞ ሆስፒታል ተኝታለች። ሁሉንም ነገርናት። ኋላ «እኔን አብሬያት የኖርሁትን ለቃ እሱን ጠበቀች» አለች። «አልተቀየምሁም አልልም፣ ተቀይሜያለሁ። እሷንም እሱንም። አንድ ነገር ያድርግልኝና ልተውላቸው። ይሂድ፣ እላይዋ ላይ ይቁም፣ እማ ብሎ ይጥራት። ይህን ሳልሰማ እንዳልሄድ።»

ለፋሲካ የጻፍሁልህ ይህን ነበር። የመለስህልኝንም ታውቀዋለህ። እኔም መልስህን ይዤ ተቀመጥሁ፤ ለሷ ለመንገር አፍ አልነበረኝም።

በጥቅምት መጨረሻ ሳሪት ደወለችና ስልኩን ወደ እናቷ ጆሮ አስጠጋችው። ድምፅዋ ካፍ የማይወጣ ሆኗል። «ሄደ?» አለችኝ።

«ሄደ» አልኋት።

«ምን አላት?»

«እማ አላት። ተንበርክኮ አለቀሰ። ሲመሽ ነው የተነሣው።»

በመጨረሻ «እንግዲያ ይብቃ። ማርሁት በይው፤ እሷንም ምሬያታለሁ» አለች። በሦስተኛው ቀን ሳሪት እናቷን መቅበሯን ነገረችኝ። ፊቷ ላይ ዕረፍት ነበረባት አለችኝ፤ አባትሽን አመስግኝልኝም ብላኛለች።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ስግደት ሰጡኝ። ሰገድሁ። ጉልበቴ ቆሰለ፣ ውሸቱ ግን ያው ውሸት ነው። የዋሸሁት ለሟች ነውና ተመልሼ የማርመው ሰው የለም። ወደ ኋላ ሄዶ እውነት የሚያደርገው አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ሥርዓቱን አንተ ታስተምረኛለህ እንጂ እኔ አላስተምርህም። ሙት ነኝ ብለሃል፤ ይሁን። ሙት ሰው ሙት እናቱ ዘንድ ቢሄድ ማን ይከለክለዋል? አበምኔቱን አስፈቅድ፣ የት ነው ካሉህም እውነቱን ንገራቸው። ከትክል ድንጋይ ገበያ ወርደህ አያ አለምነህን ብትጠይቅ ያደርሱሃል። አልተቀየሙህም፤ «በጥምቀት ቀን መንገሬ የኔ ጥፋት ነው» ነው የሚሉት። እኔ መምጣት የለብኝም፤ ብቻህን ሁን።

እህትህ ደርሰህ እንደተመለስህ አምናልህ ተቀብራለች፣ ምሬሃለሁም ብላሃለች። ወሬህ ቀድሞህ ደርሷል፤ የቀረኸው አንተ ነህ።

ልጅህ ወንጌላዊት
ጎንደር፣ ኅዳር