የዜማ ጥጃና የዓሣ ዘይት

ጥር 24
ላሟ ወለደች። ሴት ጥጃ። ትንሽ ናት፣ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ። መጥባት ስላቃታት እንገሩን በጡጦ ሰጠኋት። ግማሹን ጠጣች፣ ግማሹን ቀሚሴ ጠጣ።

የዜማን ወረቀት ከመስታወቱ ጀርባ አወጣሁ። ኮሌጅ ተምራ፣ ላሟ ገና ስታረግዝ የጻፈችልኝ። «እማ፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ የዓሣ ዘይት፣ ለብ ባለ ወተት። ኦሜጋ ሦስት አለው። ለጥጃ አንጀት ይበጃል ይላሉ፤ እንሞክረው። አንድ ማንኪያ ብቻ! አውቅሻለሁ።»

ልጄ ከሞተች ስድስት ወር ሊሞላት ነው። አሁንም ትቆጣጠረኛለች።

ጥር 28
ዜማ ገዝታ ያስቀመጠችውን ዘይት ጀመርሁ። አንድ ማንኪያ... የሻይ ነው የሾርባ? ይህን አልጻፈችም። የሻዩን ያዝሁ። ከዚያ ትንሽ ጨመርሁ።

ጎረቤቴ ሸጊቱ በአጥር አየችኝ።
«ምንድን ነው የምታጠጫት?»
«የዓሣ ዘይት።»
«ኧረ በማርያም! ነገ ጣና ገብታ ልትዋኝ ነው?»

ጥር 30
ተቅማጥ። «ትንሽ ጨመርሁ» ያልሁት ሦስት ማንኪያ ነበር። እዚህስ ማንን እዋሻለሁ? ወደ አንዱ ተመለስሁ።

የካቲት 3፣ ሰኞ
ነነዌ ገባ። ሸጊቱ ገና በጠዋት መጣች።
«ጥጃዋን እንዳታጠጫት! በነነዌ እንስሳውም ጾሟል። እኔ ግልገሌን እንኳ ከእናቷ ለይቻለሁ።»
«ታማለች እኮ።»
«ሦስት ቀን ምን አላት!»

ሦስት ቀን ምን አላት... ይህን ቃል አውቀዋለሁ። በፍልሰታ ዜማ ታማ ተኝታ «እማ፣ ትንሽ ወተት» አለችኝ። «ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ ምን አለሽ?» አልኋት። የጾሙን ፍቺ አላየችም። ከዚያ ወዲህ ወተት በአፌ አልዞረም።

እስከ ረፋድ ቻልሁ። ጥጃዋ ዝም ብላ ታየኛለች። ወተቱን አሞቅሁ። ዘይቱ ከርሟልና ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ማንኪያውን ላስሁ። ለዜማም መድኃኒቷን ቀምሼ ነበር የምሰጣት። ከዋጥሁት በኋላ ትዝ አለኝ... ዓሣ! በነነዌ!

የካቲት 4
የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ዮሐንስ ዘንድ ሄድሁ። ነገርኋቸው።
«ዮናስን ዓሣ ዋጠው። አንቺ ደግሞ በዮናስ ጾም ዓሣውን ዋጥሽው?»
መስቀሉ በእጃቸው ተንቀጠቀጠ። የተቆጡ መስሎኝ አቀረቀርሁ። ለካ እየሳቁ ኖሯል።
«ጥጃዋስ፣ አባቴ?»
«የታመመ አይጾምም። አጠጫት።»

ያኔ የዜማን ነገርኋቸው። ሳቃቸው ቆመ።
«መጥተሽ ብትጠይቂኝ ስጫት እልሽ ነበር። ግን ወተቱ አያድናትም ነበር፣ ልጄ።»
አለቀስሁ። «ስንት ልስገድ?»
«ስግደት የለም። በቅበላ ዕለት ከዚያችው ላም አንድ ኩባያ ወተት ትጠጫለሽ።»
«መቶ ስግደት ይሻለኛል።»
«ለዚህ እኮ ነው ወተቱን ያዘዝሁሽ።»

የካቲት 9
ተቅማጡ ቆመ። ራሷ ጠባች። ዘይቱ ይሁን፣ ወተቱ ይሁን፣ የእኔ እጅ መሰብሰብ ይሁን... አላውቅም። ዜማ ብትኖር ለይታ ትጽፈው ነበር።

የካቲት 14
የዜማ መንፈቅ። ዘመድ ተሰብስቧል። ጥጃዋ ገመዷን በጥሳ በሰው መሀል አለፈች፣ ከደጃችን በታች የበቀለውን ደንገል ጥሳ ጣና ውስጥ ገባች፣ እስከ ሆዷ! ሸጊቱ ልቅሶዋን አቋርጣ ተነሣች፦ «አላልሁም? አላልሁም? ዓሣ አደረገቻት!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም። በልጄ መንፈቅ መሳቅ ኃጢአት ይሆን? ዜማ ብታይ መሬት ላይ ትንከባለል ነበር።

የካቲት 16፣ ቅበላ
አለብሁ። ጥጃዋ ድርሻዋን ጠጣች። ኩባያውን ይዤ በረቱ ደጃፍ ቆምሁ። ቆምሁ... እጄ አልነሣ አለ። ሸጊቱ አጥሩ ላይ ተደግፋ ታየኛለች፤ ማን እንደነገራት እንጃ።
«ዘይቱንስ ጨመርሽበት?» አለችኝ።
በሳቄ መሀል ጠጣሁት። ለብ ያለ ነው። ጣፋጭ ነው።

የታዘዝሁት አንድ ኩባያ ነበር። ሁለት ጠጣሁ። ሁለተኛው የዜማ ነው።
«አንድ ብቻ ነበር፣ አውቅሻለሁ...» ትለኝ ነበር።